በሁለቱ ሰንደቆች መካከል ስምንት እርምጃ

እንጅባራ
ታኅሣሥ 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለፋና ተሻገር
ግልገል በለስ

ደህንነትሽን ከነጋዴዋ ከሙሉነሽ አፍ ሰምቻለሁና ስለ ጤናሽ በመጠየቅ ወረቀት አላባክንም። ትንሿ ልጅሽ እንቁ የፊት ጥርሷ እንደወለቀና ማንበብ እንደጀመረች ነግራኛለች። ማንበቡ ጥሩ ነው። ጥርሱም ይበቅላል።

ሙሉነሽ ነገ ጠዋት ድንቿን ጭና በቻግኒ በኩል ትወርዳለች። በዚህ ዘመን ያንን መንገድ ደፍራ የምትመላለስ እኔ የማውቃት እሷን ብቻ ነው፤ መታወቂያዋን በላስቲክ ጠቅልላ አንገቷ ላይ አንጠልጥላ። በስልክ ልንነጋገር እንችል ነበር ትይ ይሆናል። ኔትወርኩ አንድ ቀን ይመጣና ሦስት ቀን ይጠፋል፤ ሲመጣም እኔ የምነግርሽ ነገር በስልክ የሚነገር አይደለም። ስለዚህ ጻፍኩ። አንድ መስመር ሳትዘዪ ከላይ እስከ ታች አንብቢው።

የላክሽልኝ መልእክት ይህ ነበር፦ የእናቴን መታመም ሰምቻለሁ፤ ለመምጣት መታወቂያ ያስፈልገኛል፤ እዚህ ያለው ቀበሌ መታወቂያ የሚሰጠኝ ከእንጅባራ መሸኛ ሳመጣ ነው፤ አባቴ መሸኛውን አውጥቶ ይላክልኝ። ከጥቅምት አሥር ጀምሮ ይህን አንድ ቅጠል ወረቀት ሳሳድድ ሁለት ወር ሊሞላኝ ነው። አላገኘሁም። ያላገኘሁበትን ምክንያት ከሌላ ሰው ከምትሰሚው ከእኔ ስሚው። ምክንያቱ እኔ ነኝ።

አስቀድሞ ግን አንድ ነገር ይታወቅልኝ። የዛሬ ስምንት ዓመት ያልኩትን ስሕተት ነበር አልልም። ካሳውና ሁለቱ ሽማግሌዎች ከጥሊሊ መጥተው ለዓባይነህ ሲጠይቁሽ፣ ልጁ ሌባ ነው አላልኩም፤ ዘሩ አይረባም አላልኩም። ሺናሻ መሆኑም ለእኔ ጉዳይ አልነበረም፤ ክርስቲያን ነው፣ አስተማሪ ነው፣ ዓይኑም ቀጥ ብሎ ያያል። ያልኩት አንድ ነገር ነው፦ «በመካከላችን ወሰን አለ። ወሰን ያለበት ቦታ አንድ ቀን ይዘጋል፤ ያን ቀን ልጄን ማን ያመጣልኛል?» ይኸው ተዘጋ። ትክክል ነበርኩ። ትክክል መሆኔ ግን ለእናትሽ አንድ ጉንጭ ውኃ አልሆናትም።

ይህን ደግሞ ነግሬሽ አላውቅም። ሽማግሌዎቹን በመለስኩ ማግስት ዓባይነህ ራሱ የስፌት ሱቄ መጣ። ብቻውን። እኔ ለቢሮ የታዘዘ ባንዲራ እየቆረጥኩ ነበር፤ እንደ አጋጣሚ የእናንተው ክልል ነበር። ጠረጴዛው ላይ የተዘረጋውን አየና፣

«አባባ፣ ይህ የእኛ ነው አይደል?» አለኝ።

«ነው።»

«ጨርቁን ከየት ነው የሚያመጡት?»

«ከአንድ ሱቅ። የዘጠኙም ክልል ጨርቅ ከአንድ ሱቅ ነው። የፌዴራሉ ቀይ፣ የኦሮሚያው ቀይ፣ የትግራዩ ቀይ ከአንድ ጣቃ ነው የሚቆረጠው» አልኩት። ይህን ለመጣ ሰው ሁሉ በኩራት የምናገረው ነገር እንደሆነ አንቺም ታውቂያለሽ።

«ታዲያ የእኛን በእጅዎ እየሰፉ፣ ለእኛ ልጅ መዳር ለምን ከበደዎት?»

«መስፋት ሌላ፣ መዳር ሌላ» አልኩት።

እጅ ነስቶ ወጣ። አንቺም በሳምንቱ ተከትለሽው ሄድሽ።

አሁን ወደ ነገሩ ልግባ። አንቺ ቅዳሜ ሄድሽ። ሰኞ ጠዋት ቀበሌ ሄድኩ። የቤተሰቡን ቅጽ አስወጣሁና «ልጄ ፋና ተሻገር ትሰረዝልኝ» አልኩ። የዚያን ጊዜው ጸሐፊ፣ ልጅ እግር ነበር፣ «መሸኛ ሳትወስድ ሰው አይሰረዝም» አለኝ። ደንቡን ከእሱ የበለጠ አውቀው ነበር። ሰው ጠፍቶ የገባበት ካልታወቀ የቤቱ ኃላፊ አመልክቶ ማሰረዝ ይችላል አልኩና ደንቡን ጠቅሼ ረታሁት። ማመልከቻውንም እዚያው ቆሜ በእጄ ጻፍኩ። እንዲህ ይላል፦ «ከቤቴ ወጥታ የት እንደገባች የማላውቅ ስለሆነ ከቅጹ እንድትሰረዝ አመለክታለሁ።» ፈረምኩበት።

የት እንደገባሽ አውቅ ነበር። የባልሽን ስም አውቅ ነበር። የሚያስተምርበትን ትምህርት ቤት ሳይቀር አውቅ ነበር።

እንግዲህ ፋና፣ ስምንት ዓመት ያለ መታወቂያ የኖርሽው፣ በየጊዜው «መሸኛሽን አምጪ» የተባልሽው፣ ለዚህ ነው። እኔም ነገሩን ረስቼው አልነበረም። ጥሩ የእጅ ጽሕፈት አለኝ፤ ያን ቀን የጻፍኩትን እያንዳንዱን ፊደል አስታውሰዋለሁ።

መልእክትሽ ሲደርሰኝ በማግስቱ ቀበሌ ሄድኩ። አሁን ያለችው ጸሐፊ ስሜነሽ ትባላለች፤ የአዲስ ቅዳም ልጅ ናት፣ ትሑት ናት። ቢሮው በሳምንት ሁለት ቀን ቢከፈት ነው፤ አንዳንዴም እሷ ብቻዋን ካፖርቷን እንደለበሰች ተቀምጣ ትገኛለች። መዝገቡን አገላብጣ አገኘችው። ማመልከቻዬ ከቅጹ ጀርባ በሽቦ ተመትቷል። ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አነበበችና ቀና አለች።

«አባባ፣ ይህ የእርስዎ ፊርማ ነው?»

«ነው።»

«የት እንደገባች አላውቅም ይላል።»

«ይላል።»

«አሁን ደግሞ ግልገል በለስ ናት እያሉኝ ነው። መቼ ነው ያወቁት?»

«ያን ቀን» አልኳት። ውሸት ላይ ውሸት አልደርብም።

መዝገቡን ዘጋች። ከዚያ፣ «ያልሆነ ቃል የሰጡበትን ነገር እርስዎ ራስዎ ብቻ ቢሰርዙት አይሰረዝም። ጋብቻዋ ላይ የነበረ፣ ከቤተሰብ ውጪ የሆነ፣ ከዚህ ወገን የሆነ ሰው መጥቶ ቃሉን ይስጥ» አለችኝ።

ከዚህ ወገን ሰርግሽ ላይ የነበረ ሰው አንድ ነው። እኔ ሽማግሌ አድርጌ ያልተቀበልኩት ካሳው፣ በእኔ ቦታ አባት ሆኖ የቆመልሽ ካሳው። ስምንት ዓመት በአንድ ገበያ እየተገናኘን ሰላምታ ያልተለዋወጥነው ካሳው።

ጥሊሊ ሄድኩ። ዝናብ ያለ ወቅቱ ይጥላል። ካሳው ከድንች ማሳው ተመልሶ ደጁ ላይ ጭቃ ከእግሩ ላይ እየፋቀ ነበር። አየኝና ፍቆቱን አላቆመም።

«ማን ነው?»

«ተሻገር ነኝ።»

«የትኛው ተሻገር? እኔ የማውቀው ተሻገር ሰው ደጅ አይቆምም። ሰው ነው እሱ ደጅ የሚቆመው።»

«ቃልህን ፈልጌ ነው የመጣሁት፤ ቀበሌ።»

«ስለ ማን?»

«ስለ ልጄ።»

«ስም የላትም?»

ፋና አልኩ። ስምሽን አፌ ላይ ካነሳሁት ስንት ዓመቱ እንደሆነ እኔና እናትሽ እናውቃለን። ሚስቱ እታለማሁ ከውስጥ ሆና፣ «ኧረ በማርያም፣ ሽማግሌውን ዝናብ አታስመታው፣ አስገባው!» ስትል ሰማሁ።

«አትቸኩይ» አላት ካሳው፤ «እኛን ያስገባን ቀን እናስገባዋለን።» ከዚያም ወደኔ ዞሮ፣ «አያ ተሻገር፣ ሽማግሌ በአንድ ቀን መልስ አይሰጠውም። ሦስት ጊዜ ይመላለሳል። ይህን ያስተማርከን አንተ ነህ፤ በሦስተኛውም ባዶ እጃችንን ነው የሸኘኸን። በል ሂድና ተመለስ።»

ሄድኩ። እታለማሁ በጓሮ ዞራ የተቀቀለ ድንች በጨርቅ ቋጥራ ሰጠችኝ። «ለእሱ አትንገረው» አለችኝ። የምነግረው ይመስል!

በሁለተኛው ሳምንት ስሄድ ሚኒባሱ ከግማሽ መንገድ ተመለሰ። ፊት ለፊት መንገድ ተዘግቷል ተባለ፤ ማን እንደዘጋው የጠየቀ ተሳፋሪ የለም። ከሁለት ቀን በኋላ እንደገና ሄድኩ። ካሳው ይህን አልቆጠረልኝም። «ደጄ ያልደረሰ እግር እግር አይባልም፤ ይኸኛው ሁለተኛህ ነው» አለኝና መለሰኝ። ተናደድኩ። ልሳደብ ነበር። ነገር ግን ደንብ ደንብ ነው፤ እኔ ብሆን እኔም አልቆጥርለትም ነበር።

በሦስተኛው ስደርስ ጋቢውን ደርቦ፣ ከዘራውን ይዞ፣ ከደጁ ውጪ ቆሞ ነበር። ተቀምጦ አልጠበቀኝም። መንገድ ስንጀምር፣ «ሰርጓ ላይ ምን እንዳለች ነግሮሃል ሰው?» አለኝ። የሚነግረኝ ሰው የለም አልኩት። «የሙሽሪት አባት የት አለ ብለው ጠየቁ፤ የልጁ ወገኖች።  እሷ ቀና ብላ፣ አባቴ ለጥር ጊዮርጊስ የፈረሰኞቹን ልብስና ባንዲራ እየሰፋ ነው፤ ሥራው ስለበዛበት ነው እንጂ ይመጣ ነበር፤ ምርቃቱን ልኳል አለች። ሰው ሁሉ አመነ። እኔም ምርቃቱን ያመጣሁት እኔ ነኝ አልኩና ሐሰቱን ደገፍኩት።»

ይህን የነገረኝ ሚኒባስ ውስጥ፣ ሰው መካከል ነው። እስከ እንጅባራ መስኮት መስኮቱን እያየሁ መጣሁ።

ካሳው ቃሉን ሰጠ። ስሜነሽ ጻፈች፤ ፈረመ፤ እኔም ፈረምኩ። ስምሽ ከነአባትሽ ከነአያትሽ ተመልሶ ገባ። መሸኛውም ተጻፈ፤ «ፋና ተሻገር የቀበሌያችን ተወላጅና ነዋሪ የነበረች መሆኗን» እያለ። ዐይቼዋለሁ። ጥሩ ወረቀት ነው። ከዚያ ስሜነሽ እጇን ጠረጴዛው ላይ አሳርፋ፣ «አባባ፣ ማኅተም የለንም» አለችኝ።

ማኅተሙን ለደህንነቱ ሲባል ወረዳ ወስደውታል። የቀበሌው ሊቀ መንበር ከነሐሴ ጀምሮ የለም፤ ሄደ ይላሉ፣ የት እንደሄደ የሚናገር የለም። ወረዳ ሄድኩ፤ ማኅተሙ ዞን ነው አሉኝ። ዞን ሄድኩ፤ ወረዳ ነው አሉኝ። ተመልሼ ስሜነሽን፣ «ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ ሠላሳ ሁለት፣ ማንኛውም ኢትዮጵያዊ በመረጠው የአገሪቱ ክፍል የመዘዋወርና የመኖር መብት አለው ይላል» አልኳት። መጽሐፉን ይዤ ነው የሄድኩት፤ ገጹን ገልጬ አሳየኋት።

አነበበችው። «አንቀጹ ልክ ነው፣ አባባ» አለች። «ማኅተሙ ነው የሌለው።»

ፋና፣ እኔ ያን መጽሐፍ ስንት ጊዜ እንዳነበብኩት ታውቂያለሽ። አንቺና እሱ እኩያ ናችሁ፤ ሁለታችሁም የሰማንያ ሰባት ናችሁ። ያኔ ፊደል ራሴን አስተምሬ ገና መፍጠን ስጀምር ነበር። ከጊዜ በኋላ አንድ የቢሮ ሰው የየክልሉን ባንዲራ ሥዕል ይዞልኝ መጣና «እነዚህን መስፋት ትችላለህ?» አለኝ። ሥዕሎቹን መሬት ላይ ዘርግቼ አየሁ። እስከዚያ ድረስ የማውቀው አንዱን አረንጓዴ ቢጫ ቀይ ነበር። ለቤተ ክርስቲያንና ለለቅሶ ልሙጡን፣ ለመሥሪያ ቤት ደግሞ ኮከብ ያለበትን እሰፋለሁ፤ ማን የትኛውን እንደሚፈልግ ጠይቄ አላውቅም፣ ያዘዘኝን ነው። የክልሎቹን ሳይ ግን የገባኝ ነገር ነበር። ቤተሰብ ሲሰፋ ለየልጁ ጎጆ ይወጣለታል፤ ጎጆ የወጣ ልጅ ግን የአባቱን ስም አይጥልም። እንዲህ ነው አልኩ። የማዕከሉ ከፍ ይላል፣ የቀሩት ሁሉ እኩል ቁመት ላይ ይቆማሉ፤ ማንም ከማንም አይበልጥም። ወደድኩት። እውነቴን ነው፣ ወደድኩት።

አንድ ነገር ብቻ ጠየቅኩ። «መተከልስ ከየትኛው ገባ?»

«ከሌላው ክልል» አለኝ።

«ከሰባቱ ቤት አገው አንዱ እኮ መተከል ነው» አልኩት። አባቶቻችን ሰባት ወንድማማች ነበርን ብለው ሲቆጥሩ መተከልን ሳይጠሩ ቆጠራውን አይጨርሱም።

«እሱ ተረት ነው፣ ይኸ አስተዳደር ነው» አለኝ። «ደግሞ ምን ልዩነት አለው? መንገዱ ያው መንገድ ነው፤ ገበያውም ያው ገበያ።»

ልክ ነበር። ብዙ ዓመት መንገዱ ያው መንገድ፣ ገበያውም ያው ገበያ ነበር። ክልሎቹም ዘጠኝ ነበሩ አሥር ሆኑ፣ አሥራ አንድ ሆኑ፣ አሥራ ሁለት ሆኑ፤ እኔም አዲስ በተጨመረ ቁጥር አዲስ ንድፍ በወረቀት ቆርጬ ግድግዳ ላይ እሰቅላለሁ። አንድም ቀን በስፌት ተሳስቼ አላውቅም። ስፋቱ አንድ ከሆነ ርዝመቱ ሁለት ነው፤ ሰንደቁ እንጨቱ ነው፣ ዓላማው ጨርቁ ነው፤ ይህን ሁሉ አውቃለሁ። የማላውቀው እንዲህ አንድ ላይ በሚሰቀሉ ነገሮች መካከል ሰው እንዴት ማለፍ እንደሚያቅተው ነው።

ዘንድሮም ለኅዳር ሃያ ዘጠኝ በዓል ታዘዝኩ። የፌዴራሉና የአሥራ ሁለቱ ክልሎች፤ የሁለቱን ከተሞች ቢሮው ራሱ አስመጣ። እናትሽ አጠገብ የስፌት መኪናዬን አስገብቼ እዚያው ሰፋሁ፤ ሱቅ ስሄድ ብቻዋን ስለምትሆን። የመኪናው ድምፅ ያስተኛታል።

ኅዳር ሃያ ሰባት ቀን የባህል ባለሙያው ክንዴ ሊወስዳቸው መጣ። ቆጠረ። ደግሞ ቆጠረ።

«አባባ፣ አንድ ጎደለ።»

«አልጎደለም። ተሰፍቷል። አልሰጥህም።»

«የትኛው ነው?»

የእናንተ ነበር። «ልጄ ያለችበት ነው» አልኩት። «የቀበሌያችን ማኅተም የተገኘ ቀን መጥተህ ትወስደዋለህ።»

መጀመሪያ ሳቀ። ፊቴን ሲያይ ተወው። «አባባ፣ ባንዲራ መያዣ ይሆናል እንዴ?»

«ልጄስ ተይዛ የለም?»

ተቀመጠ። ሰው ቤት ሲገባ እንኳ ቆሞ የሚሄድ ሰው ነው፤ ተቀመጠ። «እኔ የባህል ሰው ነኝ፤ ማኅተም የለኝም። ስለ እርስዎ ብዬ ወረዳ ደውዬ ነበር። የሚያነሳ የለም።»

«ደግመህ ደውል።»

«እደውላለሁ። ግን ልንገርዎት፣ እናቴ ደንበጫ ናት። ካየኋት ዓመት አልፎኛል። የእኔ መታወቂያ ማኅተምም አለው፣ ፎቶም አለው።»

 በሰባ ስድስት ዓመቴ የማንም ዘመድ ነኝ ብዬ ጉዳይ አስፈጽሜ አላውቅም፤ አማላጅ ልኬ አላውቅም። ባንዲራ ይዤ ሰው ለማስገደድ ስሞክር ይኸው የመጀመሪያዬ ነው፤ እሱም ምንም የሌለው ሰው ላይ ሆነ። ከነፌዴራሉ የቀሩትን አሥራ ሁለት ይዞ ሄደ። ባንዲራውን አልሰጠሁትም።

በዓሉ ቀን ልመለከት ሄድኩ። ያለ እናንተ ክልል አሥራ አንድ አቁመው ሲያፍሩ ለማየት ነበር፤ ለምን እዋሻለሁ። ጭጋግ ነበር፤ ሰው ጥቂት ነበር። ከባንጃ የመጣ ቀርከሃ አቁመው ሁሉንም በተርታ ሰቅለዋል። ቆጠርኩ፤ አሥራ ሁለት ናቸው። የእናንተም አለ። ከመጋዘን አሮጌውን አውጥተው ነው፤ ፀሐይ የበላው፣ ጠርዙ የተበጣጠሰ። ቀረብ ብዬ ሳይ ስፌቱ የኔ ነው። ዓባይነህ ሱቄ የመጣ ቀን እየቆረጥኩት የነበረው ነው።

ንግግር ተደረገ። ስለ አንድነት ተነገረ፤ መጥፎ ንግግር አልነበረም። እኔ ግን ሰንደቆቹን ነበር የማየው። ከአማራው ቀጥሎ ኦሮሚያ፣ ከዚያ ሶማሌ፣ ከዚያ የእናንተ ነው። በመካከል ሁለት ሰንደቅ። ሰዉ ሲበተን ከኛው ሰንደቅ ሥር ቆምኩና እስከ እናንተው ሄድኩ። ስምንት እርምጃ ነው። ማንም አላስቆመኝም። መታወቂያም አልጠየቀኝም። እዚያ ቆሜ የማደርገው ጠፋኝና ተመለስኩ፤ መመለሻውም ስምንት እርምጃ ነው።

አሁን ስለ እናትሽ። ሐኪሙ ልብ ነው አለ። እግሯ አብጧል፤ ጋደም ስትል ትንፋሿ ስለሚያጥር በሦስት ትራስ ተደግፋ ነው የምትተኛው። ባሕር ዳር ውሰዷት አለ፤ እንዴት እንደምወስዳት አልነገረኝም። እናትሽን ማሪቱን ታውቂያታለሽ፤ አማርኛዋ ከኔ ይበልጥ ነበር። ከታመመች ወዲህ አማርኛውን ትታዋለች፤ በአዊኛ ብቻ ነው የምትናገረው፤ ልጅ ሳለሽ ባስተማረችሽ። ለእኔ ብዙ አትናገርም። አንድ ነገር ብቻ ነው የምትጠይቀኝ፤ አንቺን።

ስሚኝ። የምልሽን እንደ አባት ትእዛዝ ቁጠሪው፤ ትእዛዜን አክብረሽ ባታውቂም። አትምጪ። ወረቀቱ ተጽፏል፣ ማኅተም ግን የለውም፤ ማኅተም የሌለው ወረቀት ይዞ ኬላ ላይ የቆመ ሰው ምን እንደሚባል ሙሉነሽ ነግራኛለች፤ አንቺም ሰምተሻል። ልጅ ይዘሽ እንዳትሞክሪው። በጫካ አቋርጬ አመጣችኋለሁ የሚል ሰው ቢመጣ ከደጅሽ አባሪው። ማኅተሙ የተገኘ ቀን እኔው ራሴ ይዤ እስከ ቻግኒ እወርዳለሁ። ይገኛል። በየሰኞውና በየሐሙሱ እሄዳለሁ፤ ስሜነሽም ወንበር ትሰጠኛለች።

ለእንቁ ሕገ መንግሥቱን አታስነብቢያት፤ ገና ልጅ ናት፤ ሌላ ጥሩ መጽሐፍ ፈልጊላት። ለዓባይነህ የምልክለትን ቃል ፈልጌ አጣሁ። የሚገባውን አንቺ ንገሪው። ካሳውና እታለማሁ ሰላም ብለውሻል፤ ካሳው «በአባትሽ ቦታ ቆሜ ምርቃቱን እኔ ሰጥቻለሁ፣ ዕዳ የለበትም» በላት ብሎኛል። እሱ እንዲህ ይበል እንጂ እኔ የራሴን ልስጥሽ። በምትረግጪው ምድር እግዚአብሔር ይቅደምሽ። የምትኖሪበት ሰፈር ሰላም ይደር። ጎረቤትሽ ስምሽን አውቆ ይጥራሽ። ልጅሽ የእናቷንም የአባቷንም አገር እየተመላለሰች ትደግ። አሜን በይ።

አንድ የቀረኝ ነገር አለ፤ ምክር ከቻልሽ በሙሉነሽ ላኪልኝ። ለእናትሽ መንገድ ላይ ነሽ ብያታለሁ። እሁድ ስትጠይቀኝ ተነሥታለች አልኳት። ማክሰኞ ማንዱራ ደርሳለች አልኳት፤ ደስ ብሏት ግማሽ ሲኒ አጥሚት ጠጣች። ትናንት ቻግኒ አድራለች አልኳት። ዛሬ ጠዋት ፀጉሯን አስበጠረችኝና ፊቷን ወደ በሩ አዙሬ እንዳስተኛት ለመነችኝ። ከቻግኒ ወዲህ መንገዱ አጭር ነው። ነገ ስትጠይቀኝ የት ደረሰች ልበላት?

አባትሽ
ተሻገር